አባይ የሚዞረው ግንድ ብቻ ይዞ አይደለም

አንዲት የቡና ሲኒ ይዤ ሒሳብ ልሥራ። ሲኒዋ ትንሽ ናት። ቡናውንና ስኳሩን ትተን ውኃውን ብቻ ብንመዝነው 72 ግራም ይሆናል እንበል። 72ን የመረጥኩት ሒሳቡ እንዲቀልልኝ ነው፤ በ18 ግራም ውኃ ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ኬሚስቶች አስቀድመው ስለቆጠሩልኝ በአራት ማባዛት ብቻ ይበቃኛል። መልሱ 24 ተጽፎ ከኋላው 23 ዜሮ ይደረደራል።

ቁጥሩን መጻፍ ይቻላል፤ መቁጠሩ ነው ጭንቁ። በምድር ላይ ያለን 8 ቢሊዮን ሰዎች ሥራችንን ጥለን፣ እንቅልፋችንን ትተን፣ እያንዳንዳችን በየሰከንዱ አንድ አንድ ሞለኪውል መቁጠር ብንጀምር የዚችን ሲኒ ውኃ የምንጨርሰው ከ9.5 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። ድንቅነሽ በአፋር ምድር የኖረችው የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከእሷ እስከ እኛ ያለው ዘመን ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ ሲኒዋ አታልቅም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የምድርን ውኃ በሙሉ በዚህችው ሲኒ እንስፈረው። ውቅያኖሱ፣ የዋልታው በረዶ፣ የከርሰ ምድሩ፣ ወንዙና ደመናው ሲደመር ወደ 1.386 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ነው። በሲኒ ሲቀዳ 19 ተጽፎ ከኋላው 21 ዜሮ ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተያዩአቸው። በአንዲት ሲኒ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች፣ የዓለም ውኃ ሁሉ ተቀድቶ ከሚሞላቸው ሲኒዎች በ125 እጥፍ ይበዛሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሰው እንየው። የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሲኒ ውኃ ጠጣ እንበል። ውኃው በላብ፣ በትንፋሽና በሽንት ወጣ፤ ተነነ፣ ዘነበ፣ ወንዝ ገባ፣ ባሕር ወረደ። የውቅያኖስ ውኃ ከላይ እስከ ታች ተገለባብጦ ለመዋሃድ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ከኢዛና ወዲህ ግን 1,700 ዓመት ሊሞላ ነው። ስለዚህ ያች የንጉሡ ሲኒ ከሞላ ጎደል በዓለም ውኃ ሁሉ ውስጥ ተበትናለች፤ እርስዎ ዛሬ በሚጠጡት በእያንዳንዱ ሲኒ ውስጥም 125 ያህል ድርሻ አላት። ንጉሡ በቀን ሁለት ሊትር እየጠጣ 50 ዓመት ኖሮ ከሆነ ደግሞ፣ የዕድሜ ልኩ ውኃ በሲኒዎ ውስጥ ከ60 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ለኢዛና ብቻ የተሰጠ ክብር እንዳይመስልዎ፤ በዚያው ዘመን ውኃ የጠጣ ባሪያም ግመልም በዚያው ሲኒ ውስጥ አለ። ለሒሳቡ እውነተኛነት አንድ ነገር ልጨምር፦ የውኃ ሞለኪውሎች ሃይድሮጅናቸውን እርስ በርስ በየቅጽበቱ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ የምንከተለው ኦክስጅኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ ዜሮ ውስጥ መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ምድር ላይ ከሞላ ጎደል አዲስ የሚመጣ ነገር የለም፣ የሚጠፋም የለም፤ ያለው ይዞራል። የዙሩ ፍጥነት ግን እንደየተጓዡ ነው። አንዱ በዘጠኝ ቀን ይመለሳል፣ ሌላው በዓመታት፣ ሌላው ደግሞ በሚሊዮን ዓመታት። አገር የሚራበውና የሚጠግበው በዚህ ፍጥነት ነው። ቡናችን ሦስት ጊዜ ይፈላልና እኛም ተጓዦቹን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው በሦስት ዙር እንያቸው።

አቦል፦ ዘጠኝ ቀን

ፀሐይ ከባሕርና ከየብስ በየዓመቱ የምታነሳው ውኃ በግምት 500,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ነው። ይህን ቁጥር ወደ ጣና እናምጣው። ጣና ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ተንጣልሎ 28 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። ፀሐይ አንድ ጣና የሚያህል ውኃ ወደ ሰማይ ለማንሳት የሚበቃት ግማሽ ሰዓት ነው። የህዳሴ ግድብ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ እሱን ለመሙላት ስንት ክረምት እንደጠበቅን እናስታውሳለን። ፀሐይ ያንኑ ያህል ለማትነን 80 ደቂቃ እንኳ አይሞላባትም።

ውኃ ደግሞ በነጻ አይነሳም። ጀበና ከሰል ላይ ጥዶ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃ ለመሞቅ ብዙ አያስቸግርም፣ ተንኖ ለማለቅ ግን ከሰሉን ይጨርሳል። በየዓመቱ የሚተነውን ውኃ ሁሉ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ብንለውጠው 39,000 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ገደማ ይመጣል። የህዳሴ ግድብ ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲዞሩ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ዝናብ የሚባለውን ሥራ በየዕለቱ ለማስኬድ 7 ሚሊዮን ተኩል የህዳሴ ግድብ፣ ሌትና ቀን ሳያርፍ፣ መሥራት አለበት።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው መጋዘን ትንሽነት ነው። በማንኛውም ሰዓት በዓለም አየር ውስጥ ያለው ውኃ ወደ 12,900 ኪሎ ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢወርድና በምድር ላይ እኩል ቢነጠፍ ጥልቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ። ሰማይ ሀብታም አይደለም፤ እጁ ፈጣን ነው። ያለችውን በዓመት 39 ጊዜ ያህል ያገላብጣታል። አንዲት ጠብታ ተንና ሰማይ ከገባች በኋላ እዚያ የምትቆየው በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ነው።

ሰማይ ላይ ቀለል ብሎ የሚታየው ደመናም ቀላል አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ነጭ የበጋ ደመና 500 ቶን ያህል ውኃ ተሸክሟል። 400 ኩንታል የሚጭን ባለተሳቢ መኪና ቢመጣ ከ12 በላይ ያስፈልጉታል። የማይወድቅብን ጠብታዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑና ከሥር የሚወጣው ሞቃት አየር ስለሚደግፋቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንውረድ። ለእኛ ክረምት የሚሆነው እርጥበት ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራንያን፣ ከኮንጎ ደኖችም በኩል ተጉዞ ይመጣና ደጋው ላይ ሲወጣ ቀዝቅዞ ይራገፋል። በኢትዮጵያ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ሲደመር 936 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከ33 ጣና በላይ መሆኑ ነው። ለ130 ሚሊዮን ሕዝብ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ሰው፣ ዛሬ ለተወለደውም ሕፃን ጭምር፣ በቀን ወደ 1,000 ጀሪካን ይደርሰዋል። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ማለቴ ነው። አንዲት እናት አንዱን ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት በምትወጣበት ሰዓት፣ የዓመቱ ድርሻዋ ሲካፈል በዕለቱ 1,000 ጀሪካን ከሰማይ ተልኮላታል።

የት ሄደ? ከ936ቱ ውስጥ በወንዝ የሚፈሰውና ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው 122 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ነው። የቀረው 87 በመቶ ተመልሶ ተንኗል። ይህ ሁሉ ባከነ ማለት አይደለም፤ በጤፍ ቅጠል፣ በግጦሽ ሣር፣ በዋርካ በኩል አልፎ የወጣው አዝመራ ሆኖልናል። ከድንጋያማ መሬትና ከተራቆተ ተዳፋት ላይ የተነነው ግን ማንንም ሳያበላ ሄዷል። የሁለቱ ልዩነት ጠብታዋ መሬት ላይ የቆየችበት ጊዜ ነው። ጥላና ሥር ባለበት አፈር ውስጥ ሳምንታት ትሰነብታለች፤ በተራቆተው ላይ ጥቂት ሰዓት።

አዋሽን ደግሞ ያስቡት። ከማዕከላዊው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የወንዝ መንገድ የለውም፤ ተንኖ በሰማይ ይሄዳል። ወደ ባሕር የሚያደርሰው መንገድ ደመናው ብቻ ነው።

ሰውም ቢሆን ወንዝ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 36 ሊትር ያህሉ ውኃ ነው። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ካስገባና ካስወጣ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ የራሱን ያህል ውኃ አሳልፏል። የዛሬ ወር በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው በስሙ እርስዎ ነበር፤ በውኃው ግን አብዛኛው ሌላ ነው።

ቶና፦ ዓመታት፣ እና የተቆለፈ በር

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሐኪም አንድ ቀላል ነገር ሠራ። አፈር መዝኖ በትልቅ ማሰሮ ከተተ፤ ትንሽ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ከዚያ ሲመዝን ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨምሯል፤ አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሐኪሙ ዛፉ ከውኃ ተሠራ ብሎ ደመደመ። ግማሹን አግኝቷል፤ ግማሹን ስቷል። የሳተው ክፍል በአፍንጫው ሲያስገባ ሲያስወጣ የነበረው አየር ነው።

አንድ ኩንታል ጤፍ ገበያ ላይ ቆሞ ሲታይ ከመሬት የወጣ ይመስላል። ከመቶ ኪሎው 40 ኪሎ ያህሉ ግን ካርቦን ነው፤ ይህ ካርቦን ደግሞ በሙሉ ከአየር የመጣ ነው። በደጋው አየር ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ ቢጣራ የሚገኘው ካርቦን 0.16 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የጤፉ ቅጠል አንድ ኩንታል ፍሬ ለማፍራት 250,000 ሜትር ኩብ አየር አጣርቷል። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ የ12 ፎቅ ሕንፃ ያህል ከፍታ ያለው የአየር ክምር ያስቡ፤ ያ ሁሉ ተበጥሮ አንድ ኩንታል ወጣው። ጭዱን አልቆጠርንም። ፍሬን በነፋስ ከገለባ የሚለይ ገበሬ አውድማ ላይ አንድ ጊዜ ያናፍሳል፤ ጤፉ ራሱ ግን ከበቀለ ጀምሮ ሲያናፍስ ነው የከረመው።

እንጀራው ተበልቶ ካርቦኑ ወዴት ይሄዳል? አብዛኛው በአፍንጫ ይወጣል። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ትናንት በሞሶብ የቀረበው ዛሬ ትንፋሽ ሆኖ ወጥቶ ነገ ለሌላ ቅጠል ይደርሳል። በዓለም ላይ የየብስ ዕፅዋት በዓመት 120 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ከአየር ይወስዳሉ። በአየር ውስጥ ያለው ደግሞ 880 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ባሕሩ የሚወስደውና የሚመልሰው ሲጨመርበት አንድ የካርቦን አቶም በሰማይ የሚቆየው በአማካይ አራት አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ አንድ ቅጠል ወይም አንድ ማዕበል ይወስደዋል።

ይህ እንደ ዕቁብ ነው። አንዱ ሲወስድ ሌላው ይጥላል፤ ዕፅዋት የወሰዱትን ያህል እንስሳውና የበሰበሰው ቅጠል ከሞላ ጎደል ይመልሳሉ፤ ዳኛ ሳያስፈልገው ሺህ ዓመታት ሄዷል። ችግሩ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተቀበረውን የድንጋይ ከሰል፣ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር፣ ቆፍረን በአንድ ጊዜ ወደ ዕቁቡ ሣጥን ማፍሰሳችን ነው። የሰው ልጅ ነዳጅና ከሰል በማንደድ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል፤ በየሰከንዱ ከ1,100 ቶን በላይ። ዕፅዋት ከሚያመላልሱት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ወሳጅ ያላገኘው ትርፍ ዓመት በዓመት ተጠራቀመ። ከእንፋሎት ሞተር ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል።

ናይትሮጅን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆመው ቀና ይበሉ። ከቆሙበት አንድ ካሬ ሜትር በላይ ሰማይ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ናይትሮጅን 6 ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ሲሰላ 59,000 ቶን ይመጣል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል፤ ስለዚህ ከአንድ ሄክታር በላይ ያለው አየር የያዘው ናይትሮጅን ከ1.2 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ ጋር ይተካከላል። ገበሬው አንድ ኩንታል ዩሪያ ፍለጋ ሰልፍ ሲቆም 1.2 ሚሊዮኑ በራሱ ላይ ተከምሮ ነው።

ለምን አይደርስበትም? በሩ ስለተቆለፈ ነው። በአየር ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አቶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ክንድ ተቃቅፈዋል፤ ይህን እቅፍ ማላቀቅ ለጤፍም ለሰውም አይቻልም። መብረቅ ይችላል። በዓለም ላይ በየሰከንዱ 45 ያህል ጊዜ መብረቅ ይበርቃል፤ በዓመት የሚፈታው ናይትሮጅን ግን 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ቢሆን ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በላቦራቶሪ፣ በ1913 ደግሞ ካርል ቦሽ በፋብሪካ ቁልፉን አገኙት። ቁልፉ ግን ውድ ነው፤ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና የአየርን ግፊት 200 ጊዜ የሚያጥፍ ግፊት ይፈልጋል። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ በተሠራ ማዳበሪያ በበቀለ ምግብ ይኖራል ተብሎ ይገመታል።

ያንኑ ሥራ ያለ እሳትና ያለ ጭስ ማውጫ የሚሠራ አለ። ባቄላ ከማሳ ላይ በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩን ይዩት፤ ምስር ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ተሰድረውበታል። አንዱን በጥፍርዎ ቢሰነጥቁት ውስጡ እንደ ደም ቀላ ያለ ነው። ቅላቱ የመጣው በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው ነገር ነው። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በአፈር ቅዝቃዜ፣ በማሳው ዝምታ፣ ሦስቱን ክንድ ያላቅቃሉ። አባቶቻችን የሞለኪውል ስም ሳያውቁ ጤፍ ከባቄላ፣ ስንዴ ከምስር እያፈራረቁ ሲዘሩ የዚህን ፋብሪካ ተረኛ ይቀጥሩ ነበር።

በረካ፦ ሚሊዮን ዓመታት

ሦስተኛው ዙር ላይ ቡናው ይቀጥናል፤ ተጓዡም ይዘገያል። ፎስፈረስ ወደ ሰማይ የሚወጣበት መሰላል የለውም። እንደ ውኃ አይተንም፤ እንደ ካርቦንና ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ አይበርም። በአለት ውስጥ ይኖራል፣ አለቱ ሲፈረፈር አፈር ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬ፣ ወደ አጥንት። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ 700 ግራም ያህል ፎስፈረስ አለ፤ አብዛኛው በአጥንትና በጥርስ። አንዴ ወንዝ ገብቶ ባሕር ወለል ላይ ከተቀመጠ ምድር ራሷ ተንቀሳቅሳ ያንን ወለል ተራራ እስክታደርገው ድረስ ይጠብቃል። ጥበቃው በሚሊዮን ዓመታት ይቆጠራል።

አንዳንዴ ግን ነፋስ ያቋርጥለታል። ቻድ ውስጥ ቦዴሌ የሚባል ዝቅተኛ ስፍራ አለ፤ ከሺህ ዓመታት በፊት የግዙፍ ሐይቅ ወለል ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ የሞቱ ጥቃቅን የውኃ ሕዋሳት ዱቄት ሆነው ቀሩ። ያንን ዱቄት ከሌላው የሰሃራ አቧራ ጋር ነፋሱ አንስቶ አትላንቲክን ያሻግረዋል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው የሳተላይት ጥናት፣ በየዓመቱ ወደ 28 ሚሊዮን ቶን የሚሆን የአፍሪካ አቧራ አማዞን ላይ ይወርዳል፤ በውስጡም 22,000 ቶን ያህል ፎስፈረስ አለ። የአማዞን ደን በዝናብና በጎርፍ በየዓመቱ የሚያጣው ፎስፈረስም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነው። የዓለም ትልቁ ደን ከአፍሪካ በረሃ ይቀለባል ማለት ነው።

የእኛ ነፋስ ደግሞ አባይ ነው። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እያልን ስንተርትበት ኖረናል። ግንዱ ግን ከሸክሙ ሁሉ ትንሹ ነው። አባይ ከኢትዮጵያ ይዞት ሲወጣ የኖረው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ድንበሩ ላይ ቆመን ብንቆጥር፣ 400 ኩንታል የጫነ ባለተሳቢ በየ13 ሰከንዱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ፋሲካም ገናም ሳይል ዓመቱን ሙሉ ያልፋል። የሚያስቆመው ኬላ የለም።

የጫነው ምንድን ነው? የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ የፈሰሰውና ደጋችንን የሠራው ጥቁር አለት፣ ማለትም ባዛልት፣ ተፈርፍሮ የሆነውን አፈር ነው። በውስጡ ፎስፈረስ፣ ብረት፣ ካልሲየም አለ። ግብፅ ለሺህ ዓመታት ማዳበሪያ ሳትገዛ ስንዴ ያመረተችው በየክረምቱ የሰሜንንና የጎጃምን ተራራ በጎርፍ እየተቀበለች ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ያ እደላ ቆመ፤ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የህዳሴ ግድብ ውኃ መያዝ ስለጀመረ ደለሉ እዚሁ መርጋት ጀምሯል። ግድብ ውኃን ማቆየት ይችላል፤ አፈሩን ግን ወደ ተነሳበት ማሳ አይመልሰውም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እኔን ከዜሮዎቹ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጋቸው ጥናቶች፣ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት ላይ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። 420 ኩንታል መሆኑ ነው። ከዚያው ሄክታር የሚገኘው ጤፍ በአማካይ 20 ኩንታል አይሞላም። ገበሬው አንድ ኩንታል ወደ ጎተራ ሲያስገባ ጎርፉ ከ20 ኩንታል በላይ ከማሳው ይወስዳል። ሁሉም ወንዝ አይደርስም፤ ከፊሉ ታች ባለው ማሳ ላይ ይረጋል። ላይ ያለው ማሳ ግን ተነጥቋል።

42 ቶን ሲነጠፍ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ዓመት ኪሳራ ከጣት ጥፍር ስፋት ያንሳል፤ ለዚህም ነው ማንም የማያየው። በሦስት ዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያንን አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ተፈጥሮ ከአለት ለመሥራት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስድባታል። 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእርሻ አፈር በዚህ ፍጥነት ከ60 ዓመት በፊት ያልቃል፤ አንድ ሰው ተወልዶ፣ አርሶ፣ ሸብቶ ሳይሞት ማለት ነው።

የቀረችውንም በሌላ በር እናወጣታለን። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ወደዚያ ወደተቆለፈው ሰማይ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ማሳ ላይ ካልተበተነ ደግሞ እሱም ቀረ። ከገጠር ወደ ከተማ የሚጓዘው ጤፍና በግም ፎስፈረሱን ይዞ ይገባል፤ ከከተማው ወደ ማሳው ግን የሚመለስ መኪና ባዶውን ነው።

እነዚህን ተጓዦች ማስቆም አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ማዘግየት ግን ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ከኮንሶ የተሻለ መምህር የለንም። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ እየተቀባበሉ፣ ደረቅ ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ሸንሽነውታል። አንዳንዱ የእርከን ግንብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እርከኑ ዝናቡን አልጨመረውም፤ የሰማዩን ናይትሮጅን አልከፈተውም፤ ተራራውንም አላሳጠረውም። ያደረገው ነገር ጠብታዋ ከደረጃ ወደ ደረጃ ስትወርድ አፈሩን ትታ ቀስ ብላ እንድትሄድ ብቻ ነው። በዚያ ቀስታ ውስጥ 21 ትውልድ በልቶ አድሯል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጀበናው ውስጥ የቀረውን አተላ ቱቦ ውስጥ አይድፉት። ሲደርቅ ከመቶው ሁለት እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ፎስፈረስም አያጣውም። በደጅዎ ያለች ጤና አዳም ወይም አንዲት የቡና ችግኝ ሥር ይድፉት። ለዓለሙ ሒሳብ ምንም አይደለም፤ ለዚያች ሥር ግን የዓመቱ ትልቁ ግብሯ ሊሆን ይችላል።